እናትን መጦርና ንብረት ማውረስ፦ ቤቱ በስጦታ ይዙር ወይስ ኑዛዜ ይጻፍ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «እናታችን 76 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። አባታችን በ2011 ዓ.ም. አርፏል፤ ከዚያ ወዲህ የተከፋፈልነው ነገር የለም። ያለው ንብረት ከተማ ውስጥ በነባር ይዞታ ላይ አብረው የሠሩት ቤት ከሚከራዩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ጋር፣ ማቻከል ወረዳ ደግሞ በሁለቱም ስም ደብተር የወጣለት የእርሻ መሬት ነው፤ መሬቱ በእኩል ይታረሳል። አራት ልጆች ነበርን፤ አንዱ ወንድማችን ሞቶ አንድ ልጅ ትቷል። ታናሽ እህታችን ከእናታችን ጋር እየኖረች ትጦራታለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናታችን መርሳት አብዝታለች። እህታችን ‹የምጦራት እኔ ነኝ፣ ቤቱ በስሜ ይዙር› ትላለች። ታላቅ ወንድማችን በነፍስ አባቷና በአንድ ሽማግሌ ፊት ብትናዘዝ ይበቃል ይላል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ጠቅላላ ውክልና ስላለኝ አሁንም ሆነ ከእሷ በኋላ ላስተዳድር እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። የማን ሐሳብ ነው የሚያዋጣው?»

የማንኛችሁም ሐሳብ እንዳለ አያዋጣም። እህትዎ ልፋቴ ዋጋ ይኑረው ማለቷ እውነት ነው፤ የመረጠችው መንገድ ግን ለራሷም ለእናትዎም አደጋ አለው። ወንድምዎ ኑዛዜ ይደረግ ማለታቸው ልክ ነው፤ ያሰቡት ዓይነት ኑዛዜ ግን ቤት አያስተላልፍም። የእርስዎም ውክልና እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ዋጋ የሚያጣ ወረቀት ነው። ችግሩ የመጣው መጦርና ማውረስ፣ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው ሳሉ፣ በአንድ ፊርማ እንዲያልቁ በመፈለጉ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ሁላችሁም «የእናታችን ቤት» እያላችሁ ነው የምትነጋገሩት። ሚስት በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባሏ ሲሞት የምትወስደው ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ ነው። የሟች ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ በቀጥታ ለልጆቹ በእኩል ይተላለፋል (ቁጥር 842)፤ ከልጆቹ የሞተ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ። ስለዚህ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የቤቱ ግማሽ የእናትዎ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለአራት ተከፍሎ ለእርስዎ፣ ለእህትዎ፣ ለታላቅ ወንድምዎና ለሟች ወንድምዎ ልጅ አንድ ስምንተኛ አንድ ስምንተኛ ደርሷል። እናትዎ በኑዛዜም በስጦታም ሊያዝዙበት የሚችሉት በራሳቸው ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ሙሉ ቤቱን ለእህትዎ ቢሰጡ የሌሎቹን ድርሻ ያልነበራቸውን ሰጡ ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝም ቢል እንኳ የሟቹ ልጅ ወይም ሞግዚቱ ነገ ፍርድ ቤት ይቆማል። ይህ ስሌት የሚለወጠው ቤቱ ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም ለአንዳቸው በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ የግል ንብረት ቢሆን ነበር፤ እናንተ እንደጻፋችሁት ግን አብረው የሠሩት ነው።

ልጆች አባታቸው ሲያርፍ እናታቸው በሕይወት እያለች ውርስ መጠየቅ ነውር መስሏቸው ዝም ማለታቸው በጎጃም የተለመደ ነው። አክብሮቱ ደግ ነው፤ ወረቀቱን ማቆየት ግን አክብሮት አይደለም። ጊዜ በገፋ ቁጥር የጋብቻና የሞት ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል፣ ምስክሮች ያልፋሉ፣ የይርጋ፣ ማለትም «የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል» የሚል፣ ክርክር ይመጣል። የአባትዎ ሞት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ካልሰፈረ አሁኑኑ ያስመዝግቡ፤ ሕጉ የሞት ምዝገባን በ30 ቀን ውስጥ እንዲደረግ ያዝዛል፤ የዘገየውም ቢሆን ሳይመዘገብ መቅረት የለበትም። ከዚያ አባትዎ ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ላለው ወረዳ ፍርድ ቤት አመልክታችሁ የወራሽነት ማስረጃ ታወጣላችሁ። የሟቹ ልጅ ስም በማመልከቻው ውስጥ የግድ ይግባ። እሱን መተው ፋይሉን ቶሎ ያስኬደው ይመስላል፤ በኋላ ግን የተሰጠውን ማስረጃ የሚያሰርዝ ዋናው ምክንያት ይሆናል። ማስረጃው ወጣ ማለት ቤቱ ይሸጣል ወይም እናትዎ ይነሣሉ ማለት አይደለም፤ ማን ምን እንዳለው በወረቀት ይታወቃል እንጂ ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል።

ወደ ውክልናዎ ልሂድ። ውክልና የሚሠራው ወካዩ በሕይወት እስካለና በራሱ ለመወሰን እስከቻለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232 ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ፣ ተቃራኒ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል ይላል። ስለዚህ «ከእሷ በኋላ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ እናትዎ ካረፉ በኋላ በውክልናው ከባንክ ብር ማውጣት ወይም ኪራይ መዋዋል በወራሾች ፊት ያስጠይቅዎታል። «ጠቅላላ» የሚለው ቃልም ብዙ ሰው ያሳስታል። በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል (ቁጥር 2204)፦ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ፣ ግብር መክፈል። ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅ፣ ፍርድ ቤት ለመቆም ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት (ቁጥር 2205)። ለእናትዎ የሚበጀው ሁለት ውክልና ነው። አንዱ አብራ ለምትኖረው እህትዎ ይሁን፦ የሰርቪሱን ኪራይ ለመሰብሰብ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ለመክፈል፣ ለጤና መድህን እድሳት፣ ለሕክምናና የባንክ ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ ተጠቅሶ ከአንድ ሒሳብ ለወር ወጪ ገንዘብ ለማውጣት። ሌላው ለእርስዎ፦ የባንኩን መግለጫ ለማየት፣ ከመሬት ጽሕፈት ቤትና ከማዘጋጃ ቤት ጋር ለሚኖር ጉዳይ፣ ጠበቃ ለመወከልና ፍርድ ቤት ለመቆም። በሁለቱም ላይ መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝና ስጦታ ማድረግ አይካተቱ። ሕጉ ተቃራኒ ስምምነትን ስለሚፈቅድ «የማገናዘብ ችሎታዬ ቢዳከምም ይህ ውክልና እንዲቀጥል ፈቅጃለሁ» የሚል ሐረግ ይግባ። ይህ ሐረግ ቢጻፍም አንዳንድ ባንክና ጽሕፈት ቤት ወካዩ ራሱ ካልቀረበ አንቀበልም ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ደረጃ የሚጠቅም እንጂ የመጨረሻ መፍትሔ አድርጋችሁ አትያዙት።

የነፍስ አባት ጉዳይ። ኑዛዜ በነፍስ አባት ፊት መደረጉ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ለነፍስም ለሰላምም ይጠቅማል፤ ማንም አይከልክላቸው። ሕጉ ግን በሁለት ሰው ፊት በቃል የተነገረን ኑዛዜ የሚቀበለው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። 500 ብር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የተጻፈ መጠን ነው። ከዚህም በላይ የቃል ኑዛዜ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይቀራል። ስለዚህ ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም። ነፍስ አባታቸው ግን ከጽሑፍ ኑዛዜው ምስክሮች አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ በስማቸው ወይም በሚያገለግሉበት ደብር ስም የሚሰጥ ነገር ካለ ሌላ ምስክር ይፈለግ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ የስጦታው። «ስሙን አዙሬላት ትጦረኛለች» የሚለው ስምምነት በየቤቱ አለ። በእርጅና ጊዜ በጉዳት የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስጦታ ከተፈጸመ በኋላ ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚያነሣው ነገር አይደለም፤ ለመሻር በፍርድ ቤት ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል። እህትዎን አትጦርም ብዬ አልጠረጥራትም። ነገር ግን እህትዎ ከእናትዎ በፊት ብታርፍ ቤቱ ለእሷ ወራሾች ይሄዳል፤ እናትዎም በገዛ ቤታቸው ተጠግተው የሚኖሩ ይሆናሉ። እህትዎ ዕዳ ቢኖርባት ባለገንዘቡ ቤቱን ያስከብረዋል። ትዳር ብትይዝና ቢፈርስ፣ በስጦታ ያገኘችው ቤት የግል ንብረቷ ቢሆንም በጋብቻው ጊዜ የተገኘው ኪራይ የጋራ ሆኖ ክርክር ያስከትላል። ሌላም አለ፦ የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ በሊዝ ሥርዓት እንዲተዳደር ደንግጓል። በውርስ ቢመጣላት ያለ ሊዝ የሚቆየው ቤት በስጦታ በመዞሩ ብቻ ወጪ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንድ ነገር ከመፈረማችሁ በፊት የደብረ ማርቆስ ከተማ አስተዳደር ምን እንደሚጠይቅ በጽሑፍ አስመልሱ። ይህን ለማምለጥ ስጦታውን ሽያጭ አስመስሎ መጻፍን የሚመክራችሁ ሰው ካለ አትስሙት፤ ዋጋ ያልተከፈለበት የይስሙላ ሽያጭ ሲጋለጥ ይፈርሳል፣ ያስቀጣልም።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በመንደር ውል ወረቀት እንደማይጸናም ልብ በሉ። ቁጥር 2443 የቤት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም ይላል፤ ማለትም ከታች የምገልጸው አራት ምስክርና ንባብ ለስጦታም ያስፈልጋል። ስጦታ ይሁን ብላችሁ ብትጸኑ እንኳ እናትዎ ዕድሜያቸውን በሙሉ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ መብት፣ በሕጉ አነጋገር የአላባ መብት፣ ለራሳቸው እንዳስቀሩ ተጽፎ በካርታው ፋይል ላይ መመዝገብ አለበት። እኔ ግን ለእናንተ ይህንንም አልመክርም፤ እናትዎ የሚፈልጉት ሁሉ በኑዛዜ ሊፈጸም ይችላል፤ ኑዛዜ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞት ይሻራል፣ ይሻሻላል። «አልሽረውም» ብለው ቢፈርሙ እንኳ ያ ቃል አያስራቸውም።

እናንተ ጊዜ የላችሁም የምለው በመርሳቱ ምክንያት ነው። መርሳት የጀመረ ሰው ሁሉ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም ማለት ስሕተት ነው፤ የሚታየው በፈረመበት ሰዓት ምን እያደረገ እንደነበር ማወቁ ነው። እናትዎ ልጆቻቸውን ከለዩ፣ ያላቸውን ንብረት ካወቁ፣ ለማን ምን እንደሚተዉና ያ ምን ውጤት እንዳለው ማስረዳት ከቻሉ ይበቃል። ይህን ግን ነገ ማስረዳት የሚኖርባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል አስመርምሯቸው። ምርመራው ለወረቀቱ ብቻ አይደለም፦ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድባቴ፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶችና የመስማት ችግር መርሳት ሊያስመስሉ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ሲታከሙ የሚሻሻሉ አሉ። ሐኪሙ የማገናዘብ ችሎታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፤ ቀኑ ከኑዛዜው ቀን ጋር የተቀራረበ ይሁን። ኑዛዜውን ጠዋት፣ በልተው፣ ተኝተው ባደሩ ቀን አድርጉት፤ ብዙ አረጋውያን ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ። በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል፤ ለማስረጃ ይረዳል፣ ፎርሙን ግን አይተካም። እህትዎም እርስዎም በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አትሁኑ፤ «ተጭነው አስፈረሟት» የሚለውን ክስ አስቀድሞ የሚዘጋው ይህ ነው።

የሚደረገው ኑዛዜ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ይሁን (ቁጥር 881)። እናትዎ ራሳቸው ይጽፉታል ወይም ቃላቸውን ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል፤ ከዚያ በእናትዎና በአራት ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። መነበቡና ቀኑ በራሱ በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፤ እናትዎና አራቱም ምስክሮች ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የአውራ ጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም የሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ሰው ፈርሞ አራተኛው ገበያ ሄዶ ነበርና በማግስቱ ይፈርማል፤ ይህ ወረቀት ፈራሽ ነው። ኑዛዜው ተነቧል፣ መነበቡ ግን አልተጻፈም፤ ይህም ይፈርሳል። «በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠው በዚሁ ዕለት ፈርመዋል» የምትለዋ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቤቱን ታድናለች። ስርዝ ድልዝ ካለ እንደገና ይጻፍ። ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ፣ የሚሰሙ ይሁኑ፤ ሁሉም የእናትዎ እኩዮች ከሆኑ ግን በክርክር ጊዜ በሕይወት የሚገኝ ላይኖር ይችላልና ቢያንስ ሁለቱ ከ50 ዓመት በታች ቢሆኑ ይመረጣል። መታወቂያቸውና አድራሻቸው ይጻፍ። ወራሽ፣ የወራሽ ባል ወይም ሚስት፣ ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን።

እናትዎ መጻፍ የሚችሉ ከሆነ በእጃቸው የሚጻፍ ኑዛዜም አለ፤ ምስክር አያስፈልገውም፤ ግን ሙሉ በሙሉ በራሳቸው እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት፤ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይቀራል። መርሳት ለጀመረ ሰው አልመርጠውም፤ ማገናዘባቸውን የሚመሰክር ሰው አይኖርም። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ቤተሰቦችም ላንሣ፦ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ።

ኑዛዜው ውስጥ የሚገቡት ነገሮች፦ የቀድሞ ኑዛዜዎች መሻራቸው፤ የቤቱ ካርታ ቁጥርና ቀበሌ፤ ግማሹ ብቻ የእሳቸው መሆኑ፤ ዕዳ ካለ ዝርዝሩ፤ ኑዛዜ አስፈጻሚ፤ ስለ ቀብርና ስለ ተዝካር ያላቸው ፈቃድ ከወጪው ጣሪያ ጋር። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በአርባው ድግስ ተበድሮ ቤት የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ እናትዎ ራሳቸው መጠኑን ከወሰኑት ማንም «እናቱን አዋረደ» አይባልም።

ስለ እህትዎ ድርሻ ይህን እመክራለሁ። የእናትዎ ግማሽ በአምስት ይከፈልና ሁለቱ እጅ ለእሷ፣ ለቀሩት ሦስት ወራሾች አንድ አንድ እጅ ይሁን። ያኔ እህትዎ ከአባቷ ከደረሳት አንድ ስምንተኛ ጋር ከጠቅላላው ቤት 32.5 በመቶ ይኖራታል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 22.5 በመቶ። ከዚህ በተጨማሪ ከሰርቪሱ ክፍሎች አንዱን ለተወሰነ ዓመት ያለ ኪራይ እንድትኖርበት መብት ሊሰጧት ይችላሉ። ምክንያቱ፣ ማለትም ስለ ጡሯቸው መሆኑ፣ በጽሑፉ ይገለጽ። ልዩነቱ መጠነኛ እንዲሆን የምመክረው ሕጉ ድርሻው ክፉኛ ለተጎዳ ተወላጅ የመቃወሚያ መንገድ ስለሚሰጥ ነው። ሌላውን ልጅ ጨርሶ መንቀል ደግሞ በቁጥር 938 በቂ ምክንያት በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ አይጸናም፤ «አልጠየቀኝም» ብቻ ብሎ መንቀል ቤተሰቡን ፍርድ ቤት ይከታል።

የማቻከሉ መሬት በዚህ ሁሉ ውስጥ ለብቻው ይታያል። መሬቱ አይሸጥም፤ የሚተላለፈው የይዞታ መብቱ ነው፤ እሱንም የሚገዛው የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ (ቁጥር 252/2009) ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን የኑዛዜ ፎርም ማሟላት ብቻውን አይበቃም። በደብተሩ ላይ የአባትዎ ስም እስካሁን ካለ የእሳቸው ድርሻ ለወራሽ አልተመዘገበም ማለት ነው። የወራሽነት ማስረጃውን ይዛችሁ አማኑኤል ወደሚገኘው የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ማን መውረስ እንደሚችል፣ ከተማ የሚኖር ወራሽ ምን እንደሚጠየቅ እዚያው ፋይሉ ላይ አስጽፉ። እኩል አራሹ ጋር ያለው ስምምነት የቃል ከሆነ ወደ ጽሑፍ ይለወጥና በጽሕፈት ቤቱ ይመዝገብ፦ የማሳው መለያ፣ ዘመኑ፣ ዘርና ማዳበሪያ ከማን እንደሚወጣ፣ እህሉ አውድማ ላይ ወይስ ቤት ደርሶ እንደሚካፈል። የቃል ውል ዓመታት ሲያስቆጥር አራሹ «መሬቱ የእኔ ነው፣ ስገብርበት ኖሬያለሁ» ወደሚል ክርክር ይሄዳል፤ እናትዎም የዓመት ቀለባቸውን ያጣሉ።

ጡሩን በተመለከተ፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይጥላል፤ ግዴታው አብሮ በሚኖረው ልጅ ላይ ብቻ የወደቀ አይደለም። መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት የተቋቋሙት ጧሪ ለሌላቸው ነው፤ የእናንተ እናት ቦታ ቤታቸው ነው። ስለዚህ ወጪውን በወር አስሉት፦ ቀለብ፣ መድኃኒት፣ የጤና መድህን መዋጮ፣ ወደ ሆስፒታል መመላለሻ፣ ቤት ውስጥ የምትረዳ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ሲያስፈልግ የሚጨመረው፣ በኋላ አልጋ ላይ ሲውሉ የሚያስፈልገው የአዋቂ ዳይፐርና የአልጋ ቁስል መከላከያ ፍራሽ። ከዚህ ላይ ኪራዩንና የመሬቱን ገቢ ቀንሱ፤ የጎደለውን ልጆች እንደ አቅማችሁ ተካፈሉት። ለእህትዎ በወር የተወሰነ ክፍያ ይቆረጥላት፤ በዓመት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሌላችሁ ተተክታችሁ ትረፍ። ይህን ለመጻፍ የምታፍሩ ከሆነ፣ የማይከፈላት ጧሪ ከዓመታት በኋላ ቤቱን ብትጠይቅ አይግረማችሁ። ገንዘቡ ሁሉ በእናትዎ ስም ወዳለ አንድ ሒሳብ ይግባ፤ ወጪው ደረሰኝ ባለበት በደረሰኝ፣ በሌለበት በደብተር ይያዝ። ይህ ደብተር ከማንም በላይ እህትዎን ይጠብቃታል።

ስምምነቱን ስትጽፉ አንድ መስመር አትለፉ፦ «እናታችን ስታርፍ ቤቱን እህታችን ትወስዳለች» ብላችሁ በመካከላችሁ ብትፈራረሙ ዋጋ የለውም። በሕይወት ያለ ሰው ውርስ ላይ ወራሾች የሚያደርጉትን ስምምነት ሕጉ አይቀበልም፤ ሽማግሌ ቢመሰክርበትም አይጸናም። እናንተ የምትስማሙት ስለ ወጪና ስለ ተራ ብቻ ነው፤ ስለ ውርስ የሚወስኑት እናትዎ ናቸው።

ሁኔታቸው ተባብሶ መወሰን የማይችሉበት ደረጃ ከደረሱ የሚቀረው መንገድ በቁጥር 351 እና ተከታዮቹ መሠረት የክልከላ ፍርድ፣ ማለትም ሰውዬው ንብረቱን በራሱ እንዳያስተዳድር የሚከለክል ውሳኔ፣ ጠይቆ አሳዳሪና ሞግዚት ማሾም ነው። አሳዳሪው ሰውነታቸውን፣ ሞግዚቱ ንብረታቸውን ይጠብቃል፤ ሞግዚቱ በየጊዜው ሒሳብ ያቀርባል፤ ትልልቅ ነገሮችን ያለ ፈቃድ አይሠራም። አካሄዱ ይዘገያል፤ ግን ባንኩም ማዘጋጃ ቤቱም የሚቀበለው እሱን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚደረግ ኑዛዜ አይጸናም፤ ቀድሞ በሥርዓቱ የተደረገው ግን በዚህ ምክንያት አይፈርስም። ኑዛዜው አሁን ይደረግ የምለው ለዚህ ነው።

ሰነዱን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላለ ማመልከቻ ጸሐፊ አትስጡ፤ ፈቃድ ያለው፣ የውርስና የመሬት ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ያዙ፤ ለእናትዎ የሚጽፈው ጠበቃ የእርስዎም የእህትዎም ጠበቃ አይሁን። ለጠበቃ አቅም ካጠረ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ስትሄዱ የእናትዎን መታወቂያ፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ፣ ካርታውንና የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ደብተሩን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የልጆችንና የሟቹን ልጅ የልደት ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

ቁርጥ ምክሬ ይኸው ነው። የስጦታው ሐሳብ ይቅር። በዚህ ወር ሐኪም፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ በኋላ ባሉት ቀናት በአራት ምስክር ኑዛዜና ሁለቱ የተገደቡ ውክልናዎች፤ ኑዛዜው ከወራሽነት ማስረጃው አይቆይ፤ ማስረጃው ቢዘገይም «የጋራ ንብረት ግማሼ» ብሎ መናዘዝ ይቻላል። ከዚያ የአባትዎ የወራሽነት ማስረጃና የደብተሩ ምዝገባ፤ ሁላችሁም ለፋሲካ ስትሰባሰቡ ደግሞ የጡር ስምምነቱ። የኑዛዜው ዋና ቅጂ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጩ ዘንድ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ በአስፈጻሚው እጅ፣ አንዱ አዲስ አበባ በእርስዎ ዘንድ፤ በእናትዎ ሳጥን ውስጥ ብቻ አይቅር።